ከኅዳር እስከ ጥር ተዘግቶ የሚቆይ ቤት ቧንቧው ከውርጭ እንዴት ይተርፋል?

ጥያቄ፦ «የወላጆቻችን ቤት ረቡዕ ገበያ ከተማ ዳር ነው። እናታችን ለሕክምና ክትትል አዲስ አበባ እኔ ዘንድ ስለምትቆይ ቤቱ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥምቀት ማግስት ይዘጋል። አምናም ዘግተን ሄደን ስንመለስ በጓሮው ግድግዳ ላይ የተዘረጋው ቧንቧ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ የልብስ ማጠቢያው ቧንቧም አንገቱ ላይ ተሰብሮ፣ ጓሮው ጭቃ ሆኖ አገኘነው። ብረት ማማ ላይ 2,000 ሊትር ሮቶ፣ ጣራው ላይ ደግሞ የሶላር ውሃ ማሞቂያ አለን። እህቴ ከሚኒሶታ ‹ቧንቧውን በጥቂቱ አንጠባጥቡት፣ ቤቱንም አሙቁት› ትላለች። አንድ መካኒክ ደግሞ የመኪና አንቲፍሪዝ ጨምሩበት አለኝ። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ አንቲፍሪዙን ይተዉት። የመኪና አንቲፍሪዝ በአብዛኛው ኤትሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ ያለበት ነው። ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንም ውሻም ሳይጠረጥር ይጠጣዋል፤ ኩላሊት ያበላሻል፣ ይገድላልም። እናትዎ ታክመው ሲመለሱ በሚጠጡበት ቧንቧ ውስጥ ይህ ነገር ጠብታም መግባት የለበትም። መካኒኩ በክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ፤ ለራዲያተር የሚያውቁትን ነው የነገሩዎ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በጮቄ ተራራ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች ቧንቧ ስዘረጋና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። መልሴ አንድ ነው፦ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ውሃውም ከቧንቧው ይውጣ። ነገር ግን ቆጣሪው ጋ መዝጋትና ውሃውን ማስወጣት አንድ አይደለም። አምና የዘጉ ይመስለኛል፤ ቧንቧው ግን ሙሉ ነበር። የተሰነጠቀውም ለዚህ ነው።

እህትዎ የነገሩዎ ለሚኖሩበት አገር ትክክል ነው። ሚኒሶታ ላይ ብርዱ አንዴ ከገባ ቀንም ሌሊትም ሳይለቅ ከዜሮ በታች ይሰነብታል፤ መሬቱ ራሱ ከ1 ሜትር በላይ ወደ ታች በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ቤቱ ካልሞቀ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ሳይቀር ይፈነዳል፤ ስለዚህ ባዶ ቤት ጥለው ሲሄዱም ማሞቂያውን ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ እንዳይወርድ አድርገው ነው። የእኛ ውርጭ ጠባዩ ሌላ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይበረታል፣ ጎሕ ሲቀድ ይከፋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ያው ሌሊት በውርጭ የቀዘቀዘው ግድግዳ እኩለ ቀን ላይ እጅ ያሞቃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ያለ ቧንቧ፣ በተለይ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ወይም ድንጋይ ከሆነ፣ ቀን የጠጣው ሙቀት ሌሊቱን ያሻግረዋል። እስከ ዛሬ በአካባቢያችን በውርጭ ተሰንጥቆ የጠገንኩት ሁሉ ውጭ የነበረ ነው፦ የጓሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ፣ ወደ ሮቶ የሚወጣ፣ ጣራ ላይ የተዘረጋ።

ማሞቂያ አብርቶ መሄድ ሰው በሌለበት ቤት እሳት ትቶ እንደ መሄድ ነው፤ መብራት ሲጠፋም የሚሠራው ነገር የለም። ማንጠባጠቡም ለእናንተ አይሆንም። የከተማው ውሃ ሄዶ የሚመጣ ነው። በሄደበት ሌሊት የሚንጠባጠብ ስለማይኖር ቧንቧው ውስጥ የቀረው ቆሞ ይጋገራል። ክፍት የተተወው ቧንቧ ደግሞ ውሃው በተመለሰ ጊዜ ሲንኩ ከተደፈነ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። ባዶ ቤት ውስጥ ከውርጭ ይልቅ በዚህ የተበላሸ ወለልና አልጋ ይበልጥ አይቻለሁ።

አሁን ውርጩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎ፤ የትኛው ቧንቧ አደጋ ላይ እንዳለ የሚያሳየን እሱ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ አየሩም ሲደርቅ፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት የለም፤ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ፊቱን ወደ ሰማይ የሰጠ ስስ ነገር፣ እንደ ቆርቆሮ፣ እንደ ሶላር መስተዋት፣ ጣራ ላይ እንደተጋደመ ቧንቧ ያለው፣ በዙሪያው ካለው አየር ራሱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አየሩ ከዜሮ በላይ ሦስት ወይም አራት ዲግሪ እያለ ቆርቆሮው ላይ አመዳይ ሊጋገር ይችላል። «እንዲህ ያለ ብርድማ እኛ አገር የለም» የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስቡት በሬዲዮ የሰሙትን የአየር ሙቀት እንጂ የጣራቸውን አይደለም።

ከፍታውም አለ። በአማካይ 1,000 ሜትር ሲወጡ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ይህን መልስ ማንበብ አያስፈልገውም። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እናንተ ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ በሚወጣው ተዳፋት ላይ ናችሁ። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን አይፈርድም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ፈስሶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ሜዳው ላይ ያለው ባቄላና ድንች ተመትቶ ተረተሩ ላይ ያለው ሲተርፍ በየዓመቱ ያያል። ስለ ቤትዎ ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልግዎትም። ጎረቤትዎን ደውለው «በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ደመና ሳይኖር የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ዝናብ ያንጠባጥባል ወይ? ነጭ ነገርስ ይታይበታል?» ብለው ይጠይቁ። ነጭ ካዩ ጣራዎ ዜሮ እየነካ ነው።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ወደ ድጎ ጽዮን ተጠርቼ ሄጄ ያየሁትን ልንገርዎ። ስደርስ ገና 1 ሰዓት ተኩል ነበር። ቧንቧው ደረቅ ነው፤ አንድ ጠብታ የለም። የቤቱ ባለቤት ግራ ገብቷቸው «ታዲያ ምኑ ነው የፈነዳው? ሌሊት ጠሽ ሲል ሰምቻለሁ» አሉኝ። ጣቴን በብረቱ ላይ ስሰድ በቁመቱ የጥፍር ስፋት እንኳ የሌላት ስንጥቅ አገኘሁ፤ ውስጡ በረዶው እንደ መስተዋት ያበራል። ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ወጥታ ግድግዳውን ስትነካ መጀመሪያ እንደ እንባ፣ ቀጥሎ እንደ ክር፣ 3 ሰዓት ሳይሞላ እያፏጨ የሚረጭ ውሃ ሆነ። እኛ ቆመን ስለነበር ዘጋነው። እርስዎ ቤት ግን የሚዘጋው ሰው አልነበረም።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ቧንቧው የሚሰነጠቀው በረዶው ጎኑን ገፍቶት ብቻ ይመስለዋል። በአብዛኛው የሚሆነው ሌላ ነው። በረዶው መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ እንደ ቡሽ ይደፍናል፤ ከዚያ እያደገ ሲሄድ በእሱና በተዘጋው ቧንቧ አፍ መካከል የቀረውን ውሃ ይገፋዋል። ውሃ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ግፊቱ ከከተማው ውሃ ግፊት እጅግ በላይ ይሆንና ደካማውን ቦታ ያገኛል። የእርስዎ ማጠቢያ ቧንቧ አንገቱ ላይ መሰበሩ ይህን ይመስለኛል። ቡሹ ግድግዳው ላይ ነበር፤ የተሰበረው ጫፉ ነው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ በአንድ ሜትር ርዝመቱ የሚይዘው ሁለት ወይም ሦስት ሲኒ ውሃ ብቻ ነው፤ ያን ለማጋገር አንድ ጥሩ የውርጭ ሌሊት ይበቃዋል። 2,000 ሊትሩ ሮቶ ግን በአንድ ሌሊት የትም አይደርስም። ለዚህ ነው ሮቶው ደህና ሆኖ ወደ እሱ የሚወጣው ቧንቧ የሚሰነጠቀው።

ወደ ሥራው እንግባ። ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጠርታችሁ ከቆጣሪው በኋላ፣ መስመሩ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ፣ በቲ ማያያዣ አንድ ማፍሰሻ ቧንቧ አስገጥሙ። ወደ ሮቶ የሚወጣው መስመር ግርጌ ላይም ሌላ። ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንዱን ብቻ የምትፈጽሙ ከሆነ ይህን አድርጉ፤ ማፍሰሻ የሌለው መስመር ምንም ብትዘጉት ውሃው ውስጡ ይቀራል። ሠራተኛው ማፍሰሻው ወደ ቤቱ መሠረት ሳይሆን ወደ ቦይ እንዲያፈስ ያድርገው።

የመዝጊያው ቀን ሲደርስ ረፋድ ላይ ጀምሩ። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን የእናንተን ዋና መዝጊያ፣ ጌት ቫልቩን፣ ዝጉ። ማፍሰሻዎቹን ክፈቱ። ከዚያ ከፍ ያለውን ቧንቧ፣ ለምሳሌ ሻወሩን፣ ክፈቱ። ጀሪካን አፉ ጠቦ ስንገለብጠው ግልግል እያለ የሚያስቸግረው አየር መግቢያ ስለሌለው ነው፤ ቧንቧም እንደዚያው ነው። ላይ ካልተከፈተ ታች አይወርድም። የሚወርደው ሲያቆም ሁሉም ያልቃል ማለት አይደለም። በአግባቡ ያልታሰረ መስመር መሐሉ ላይ ረግቦ ሆድ ያወጣል፤ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይቀራል። ለእሱ ከጎሚስታ ኮምፕረሰር ተውሳችሁ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከ2 እስከ 3 ባር፣ በአንዱ ቧንቧ አስገብታችሁ ሌሎቹን ተራ በተራ እየከፈታችሁ ንፉበት። ውሃው በመጀመሪያ በጅረት፣ ከዚያ በጤዛ፣ በመጨረሻ ባዶ አየር ሆኖ ሲወጣ አልቋል። የሶላሩንና የቦይለሩን መስመር ግን አትንፉ፤ እነሱ ተለይተው ይዘጋሉ።

ካለቀ በኋላ ቤት ውስጥ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጉ፤ የውጭዎቹን ማፍሰሻዎች ግን ክፍት አድርጋችሁ ሂዱ። ምክንያቱም ያረጀ ጌት ቫልቭ ጥቂት ያሳልፋል። ያ ጥቂት ውሃ መስመሩን እንደገና ከሚሞላ በማፍሰሻው ወደ ቦይ ይሂድ። ጎረቤት ሲያልፍ እርጥቡን አይቶ ይደውልላችኋል።

አሁን ብዙ ባልደረቦቼ የሚረሱትን ልንገርዎ፤ እኔም የተማርኩት በጀማሪነቴ የሰው ንብረት አበላሽቼ ነው። በእጀታ ሩብ ዙር የሚዞረው መዝጊያ፣ ቦል ቫልቭ የምንለው፣ ውስጡ ባለ ቀዳዳ ኳስ አለው። ዘግተነው ስንሄድ ኳሱ ውስጥ አንድ ጉንጭ ውሃ ታስሮ ይቀራል። መስመሩን በሙሉ አፍስሼ፣ ኮርቼ ሄድኩ፤ ከወር በኋላ ስመለስ የናሱ አካል ለሁለት ተሰንጥቋል። ስለዚህ መስመሩ ከደረቀ በኋላ ውጭ ያሉትን ቦል ቫልቮች እጀታቸውን ግማሽ ላይ፣ በ45 ዲግሪ፣ አቁሟቸው፤ የታሰረው ይወጣል። ዋናው መዝጊያ ግን ምንጊዜም በአንድ ጎኑ ውሃ ስላለበት ግማሽ ማድረግ አይቻልም። እሱና ቆጣሪው ይሸፈናሉ።

ሽፋኑ ቀላል ነው። የውሃ ቆጣሪውን ሣጥን በደረቅ ጭድ ሙሉት፤ ላዩን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍናችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ጭድ ሙቀት የሚይዘው ደረቅ ሲሆን ብቻ ስለሆነ ውሃ እንዳይገባበት። ሽፋን ሙቀት አይሰጥም፤ ያለውን ያዘገየዋል። እዚያ ሚኒሶታ ከሳምንት ቁር ጋር አይችልም፤ እኛ ጋ ግን የሚጠበቅበት አንድ ሌሊት ማሻገር ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ታግዘዋለች። መሬት ውስጥ ያለው መስመር ግማሽ ሜትር ከተቀበረ አይጨነቁ፤ የሌሊቱ ብርድ እዚያ አይደርስም።

ሮቶውን ሙሉ በሙሉ አታድርቁት። ባዶ ሮቶ ቀላል ነው፤ ነፋስ ከማማው ያወርደዋል። ሲሶውን ያህል ውሃ ተዉበት፣ በገመድም እሰሩት፣ መውጫው ላይ ያለውን መዝጊያ ዝጉና እሱንም በአሮጌ ጨርቅና በላስቲክ ጠቅልሉት። ከእሱ በታች ያለው መስመር ይድረቅ። ፓምፕ ካላችሁ ከመብራት ለዩት፤ ከሆዱ ሥር ያለችውን ብሎን ፈታችሁ ውሃውን አፍስሱ። የፓምፕ አካል ውድ ነው፤ ከተሰነጠቀ መጠገን አይቻልም።

ሶላሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ጠፍጣፋ ባለ መስተዋት ከሆነ ውስጡ ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች አሉት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚሰበስበው ገጽ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይሰጣል። ከቤቱ ሁሉ መጀመሪያ የሚጋገረው እሱ ነው። በመስተዋቱ ሥር የሚዞረው ውሃ ያው የምትታጠቡበት ከሆነ መግቢያውን ዘግታችሁ ከግርጌው አፍስሱት፣ በሸራ ሸፍኑት። ውስጡ የተለየ ፈሳሽ የሚዞርበት ባለ ሁለት ዙር ከሆነ ግን አትንኩት፤ ያ ፈሳሽ ለዚሁ ብርድ የተሠራ ነው፤ የገጠመላችሁን ሰው ጠይቁ። የብርጭቆ ቱቦዎች የተደረደሩበት ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ቱቦው ግድግዳው ድርብ ሆኖ መሐሉ አየር የለውም፤ እንደ ፔርሙዝ ነው፤ በእኛ ሌሊት አይጋገርም። ታንኩን ብታፈሱትም ቱቦዎቹ ቁልቁል ስለተዘጉ ውሃቸው አይወጣም። እሱን ሙሉ እንዳለ ተዉት፤ ቱቦዎቹን በሸራ ሸፍኑ፣ ላዩ ላይ ያለችው የአየር መውጫ እንዳትደፈን እዩ፣ ወደ ቤት የሚወርዱትን ሁለት ቧንቧዎች ብቻ ዘግታችሁ አድርቁ።

ውስጥ ብዙ ሥራ የለም። የኤሌክትሪክ ቦይለር ካለ ማብሪያውን ከመብራት ቆጣሪው ሣጥን አጥፉ፤ ውሃ በሌለበት ቢበራ ማሞቂያው ይቃጠላል። ውስጥ እስከሆነ ድረስ ማፍሰስ አያስፈልግም። የሽንት ቤቱና የሲንኩ ሲፎን፣ ማለትም ከሥር የታጠፈው ክፍል፣ ውስጥ ያለው ውሃ ግን እንዳይደርቅ፤ ከደረቀ የጉድጓዱ ሽታና በረሮ ወደ ቤት ይገባል። በየአንዳንዱ ላይ አንድ ሲኒ ዘይት ጨምሩ፤ ከላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ይይዘዋል።

ለጎረቤት ቁልፍ ስጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ጎራ ብለው ሦስት ነገር ይዩላችሁ፦ የቆጣሪው መርፌ ቆሟል ወይ፣ ማፍሰሻው ሥር እርጥብ አለ ወይ፣ ሸራው ነፋስ አልገፈፈውም ወይ። የዋናውን መዝጊያ ቦታ በስልክ ሳይሆን ሄዳችሁ በእጃቸው አስነኳቸው። ከኅዳር ሚካኤል እስከ ጥምቀት ያለውን በተለይ አደራ በሏቸው። ሳይፈስስ የቀረ ቦታ ተጋግሮ ካገኙ እሳት እንዳያስጠጉ ንገሯቸው፤ ፕላስቲክ ቧንቧ ይቀልጣል፣ ብረቱም ውስጡ የታሰረው እንፋሎት ሲሆን ይፈነዳል። አፉን ከፍቶ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ከአፉ በኩል እየጠቀለሉ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ አለዚያ 4 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋን መጠበቅ ይሻላል።

ስትመለሱ ቀን፣ ሰው እያየ ሙሉት። ማፍሰሻዎቹን ዝጉ፣ ቦል ቫልቮቹን ወደ ቦታቸው መልሱ፣ ሻወሩን ክፍት አድርጋችሁ ዋናውን በሩብ ዙር ብቻ ክፈቱ። አየሩ እያስነጠሰ ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ግፊቱ መጋጠሚያውን ያላቅቃል። ሁሉም አፍ ንጹሕ ውሃ ሲሰጥ ቆጣሪውን ዓይናችሁን ሳትነቅሉ አምስት ደቂቃ እዩት፤ ሁሉም ተዘግቶ መርፌው ከተነቃነቀ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሮቶው ውስጥ የቆየውን ውሃ ለአትክልት ልቀቁት፤ ታንኩን አጥባችሁ ሙሉት፤ በ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩበት፤ ሽታው በየቧንቧው እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉና ይደር። በማግስቱ ሁሉንም አፍስሳችሁ እንደገና ስትሞሉ ነው ለእናትዎ የሚጠጣው። የብርጭቆ ቱቦ ያለው ሶላር ውሃው ጎድሎ ካገኛችሁት ግን በጠራራ ፀሐይ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁበት፤ የጋለው ቱቦ ይሰነጠቃል። ጎሕ ሲቀድ ወይም ከመሸ በኋላ ይሞላ።